ታላቅ ይቅደም

ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ከወሰደው ወዲህ የቤቶች ጽሕፈት ቤቱን ደረጃ ሰው ተለይቶት አያውቅም። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች በትምህርት ቤት አዳራሾች ውስጥ ፍራሽ አንጥፈው ያድራሉ፤ ሲነጋ እየመጡ ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ኮረብታው ላይ የሚሠሩት አዲሶቹ ቤቶች ጣሪያቸው ከሩቅ ያብለጨልጫል። «መቼ ነው የምንገባው?» ይላሉ ሰዎቹ። «ደርሷል፣ ደርሷል» ይላል ጥበቃው። እሱም ከማን እንደሰማው አያውቅም።

በሁለተኛው ፎቅ ጥግ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ጀርባ፣ አንዲት ሴት ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ ትውላለች። በመሥሪያ ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ደርዳሪዋ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ያው ጥበቃው ነው። በተቀጠረች ሰሞን «የኔ እህት፣ አንቺ እዚህ ቤት ሥራሽ ምንድን ነው?» ቢላት፣ ስለ መረጃና ስለ ፕሮግራም ልታስረዳው ሞክራ ሲያቅታት «እደረድራለሁ» አለችው። «ምን? ሳህን?» አላት። በዚያው ተለጥፎባት ቀረ።

እውነትም ትደረድር ነበር፤ ሥራውንም ትወደው ነበር። የተዘበራረቀ ነገር ካየች እጇን የሚበላት ሰው ናት። አብራት የምትኖረው እናቷ «የኔ ልጅ ባል ብታገባ መጀመሪያ ፀጉሩን በቁመት ነው የምትደረድርለት» እያሉ ለጎረቤት ይቀልዱባታል። እሷም ትስቃለች። ከቀልዱ በኋላ እናቷ «ግን ባሉስ?» ማለታቸው ስለማይቀር፣ ሳቋን ሳትጨርስ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

የተፈናቃዮቹ መዝገብ በእጇ የገባው ዝናቡ ጋብ ባለ ሰሞን ነው። መዝጋቢዎች በየአዳራሹ እየዞሩ፣ ፍራሽ ለፍራሽ እየተረማመዱ፣ በስልካቸው የሞሉት መዝገብ ነው። ሲከፈት አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ቤተሰብ ነው። የቤተሰቡ ቁጥር፣ የነበረበት መንደር፣ ያረፈበት አዳራሽ እያለ ይሄድና፣ መጨረሻው ዓምድ ላይ ሲደርስ ቃልም ቁጥርም የለም። እዚያ ሌላ ትንሽ ሰንጠረዥ ታጥፎ ተቀምጧል። እሱን ስትከፍተው የቤተሰቡ አባላት አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ዝምድና፣ ስልክ።

የቁልፍ መረከቢያው ወረቀት ላይ ለአንድ ቤት የሚወጣው አንድ ስም ብቻ ነበር። ከትንሹ ሰንጠረዥ ከላይ ያለው ስም።

ደርዳሪዋ ትልቁን ሰንጠረዥ በመንደርና በቤተሰብ ቁጥር ደርድራ የሙከራውን ወረቀት አተመችና ወደ ኃላፊው ላከች። ብዙም አልቆየ፣ ኃላፊው ወረቀቱን እያርገበገበ እሷ ጋ መጣ። አጭር፣ ችኩል፣ ሸሚዙ ከሱሪው ወጥቶ የሚውል ሰው ነው።

«ይቺ ማን ናት?» አለና ጣቱን ስም ላይ አሳረፈ።

ደርዳሪዋ አየችው። «የቤተሰቡ የመጀመሪያ ረድፍ ናት።»

«ዕድሜዋን አንብቢልኝ።»

«አራት።»

«አራት! ቁልፍ አስረክቤ ‹ፈርሚ› ልበላት? ጡጦዋን ማን ይያዝላት?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። «ትልቁን ነው የደረደርኩት» አለች። «የውስጠኞቹን አልነካኋቸውም። መዝጋቢው በጻፈው ተራ ነው ያሉት። ሕፃኗ ስሟን ቀድማ ስትናገር ቀድሞ ጽፏታል መሰለኝ።»

«እና የውስጡንም ደርድሪዋ!»

«በምን?»

«በምን ማለት ምን ማለት ነው? በዕድሜ ነዋ። ታላቅ ይቅደም። ከላይ የወጣው ቁልፍ ይረከባል፤ አለቀ።»

«ታላቁ ሁልጊዜ ባለቤት ነው እንዴ?»

ኃላፊው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ መቀመጥ የሚወድ ሰው አልነበረም። «ቅጹ ላይ ‹ባለቤት› የሚል ዓምድ አለ?»

«የለም።»

«ዕድሜስ?»

«አለ።»

«እንግዲያው ያለንን እንጠቀማ። ሰው ሲሚንቶ ላይ እየተኛ ልጆች ሳንባቸው እየታመመ ነው። አንቺ ፍልስፍና ትይዣለሽ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። በየአዳራሹ እየዞረ ሲያይ የዋለውን ሲናገር ድምፁ ይሰበር ነበር። ዝናቡ ተመልሶ ሳይመጣ ሰዎቹን ጣሪያ ሥር ማስገባት ነበር የሚፈልገው፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይታየውም።

ደርዳሪዋ ፈንክሽኑን፣ ማሽኑ ደጋግሞ የሚፈጽመውን አጭር ትእዛዝ፣ በዚያው ከሰዓት ጻፈችው። ትልቁን ሰንጠረዥ መደርደር አንድ ትእዛዝ ነው፤ ያ ትእዛዝ ግን ታጥፈው የተቀመጡትን አይከፍትም። እነሱን ለመደርደር ፈንክሽኑ እያንዳንዱ ረድፍ ጋ ሄዶ፣ ትንሹን ሰንጠረዥ ገልጦ፣ በውስጡ ያሉትን ሰዎች ከታላቅ ወደ ታናሽ አሰልፎ፣ መልሶ አጥፎ፣ ወደሚቀጥለው ማለፍ አለበት። ጽፋ ስትጨርስ አንድ መስመር ተኩል ብቻ ሆነ። ደስ አላት። አስነሳችውና ሻይዋን ሳትጨርስ ሁሉንም ቤት አንኳኩቶ ጨረሰ።

ልማዷ ነውና ጥቂቶቹን ገልጣ አየች። አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጆች፤ ያምራል። ሌላ ገለጠች፤ ያምራል። አንዱ ላይ ስትደርስ ግን እጇ ቆመ። የስልክ ቁጥሩ ከሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበር። ሌላ ገለጠች፤ ከሁለተኛው ላይ። ሌላም። መዝጋቢዎቹ ስልክ የሚጽፉት የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚያናግራቸውን ሰው። የሚያናግራቸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቤቱን ያቆመው ሰው ነው። ሳይደረደር በፊት ያ ሰው ከላይ ነበር። አሁን ወደ ታች ወርዷል።

ተነስታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ሄደች። ስልክ ይዞ እየጮኸ ነበር፤ ስለ ጠፋ የሲሚንቶ መኪና። በሩ ላይ ሲያያት በእጁ «በኋላ» አላት። ቆማ ጠበቀች። ሌላ ስልክ ጮኸ፣ ያንንም አነሳ። ደርዳሪዋ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። እኔ ብቻዬን ምን አውቃለሁ፣ ደንቡ ይሄ ነው ካሉ ነው፣ አለች በልቧ። ሆድ ይፍጀው ብላ የተደረደረውን መዝገብ ላከችው።

ቁልፍ የታደለ ቀን በግቢው ውስጥ ለቅሶና ሳቅ አንድ ላይ ሆነ። ደርዳሪዋ በመስኮት ታይ ነበር። ስም ይጠራል፣ ሰው ይወጣል፣ ይፈርማል፣ ቁልፉን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። አንድ ሽበታም፣ ትከሻው ሰፊ ሰውዬ ተጠርቶ ሲወጣ፣ አንገቷ ላይ የመለኪያ ሜትር ያንጠለጠለች ቀጭን ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ሆና አጨበጨበችለት። ደርዳሪዋም ፈገግ አለች። ባልና ሚስት መስለዋት ነበር።

ያችን ሴት ዳግመኛ ያየቻት ዝናቡ ተመልሶ በመጣ ጊዜ ነው። ጥበቃው ፎቅ ድረስ ይዟት ወጣ። ጫማዋ ውሃ ይተፋል። «ኃላፊው ወዳንቺ ነው የላኳት» አለ ጥበቃው፤ «ማሽኑን የምታውቀው እሷ ናት ብለው።»

ደርዳሪዋ ወንበር ሰጠቻት። ሴትየዋ ልብሴ ያረጥበዋል ብላ አልተቀመጠችም።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አለች። «ባሌ ሞቷል፤ ከጎርፉ በፊት ነው የሞተው። ታች ሰፈር የነበረውን ቤት ሰፍቼ ነው የሠራሁት። ቆርቆሮውን አስታውሰዋለሁ፤ እያንዳንዷ ቆርቆሮ ስንት ቀሚስ እንደሆነች።»

«ቁልፍ አልተሰጣችሁም እንዴ?»

«ተሰጥቶናል። ለጋሼ ነው የተሰጠው። የባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌር። ከሌላ ከተማ ዕቃ ጭኖ ሲመጣ ጎርፉ መኪናውን አበላሸበትና አዳራሹ ውስጥ እኛ ጋ አረፈ። የልጆቼ አጎት ነው፤ የት ይሂድ? እኔው ነኝ ፍራሽ ያነጠፍኩለት። መዝጋቢው ሲመጣ ጥጉ ላይ የተኛውን ሁሉ ጻፈ። ስሙ ሲጠራ ጊዜ፣ የቤቱ ወንድ ነው ብለው ነው አልኩ፤ አጨበጨብኩ። እኔ ጅሏ።»

ልብስ ሰፊዋ ቀስ ብላ፣ ሳታለቅስ፣ ነገሩን አንድ በአንድ አወራች። መጀመሪያ ሾፌሩ ደህና ነበር። በር ገጠመ፣ መስኮት አስተካከለ። ከዚያ ሚስቱን ከነልጆቿ ከዚያ ከተማ አመጣ። ከዚያ የስፌት መኪናዋ ይጮኻል ተባለና በረንዳ ላይ ወጣ። ከዚያ እሷና ልጆቿ ወደ ዕቃ ማስቀመጫዋ ክፍል ገቡ። በመጨረሻ ሾፌሩ አንድ ማለዳ ፊቱን ሳያዞር «አንቺ ገና ወጣት ነሽ፤ ራስሽን ፈልጊ። ልጆቹ የወንድሜ ናቸው፤ ሊኖሩ ይችላሉ» አላት። ወረቀቱ የማን ነው ብትለው አውጥቶ አሳያት። ስሟ የለበትም።

«ታች ስጠይቅ ‹ማሽኑ ነው ያወጣው› አሉኝ» አለች። «እኔም ማሽን አለኝ። ማሽን በገዛ ፈቃዱ ሲሰፋ አላየሁም። ማን ነው መርገጫውን የረገጠው?»

ደርዳሪዋ መዝጋቢዎቹ የላኩትን፣ ያልተነካውን መዝገብ ከፈተች። የቤተሰቡን ቁጥር ፈልጋ ትንሹን ሰንጠረዥ ገለጠችው። ከላይ ልብስ ሰፊዋ ከነስልክ ቁጥሯ አለች። ከሥሯ ሴት ልጇ፣ ከዚያ ወንድ ልጇ። ከሁሉም በታች ሾፌሩ፤ ዝምድና በሚለው ሥር «አጎት፣ ለጊዜው» ይላል። «ለጊዜው» መዝጋቢው ሳይጠየቅ የጨመራት ቃል ናት።

ከዚያ የተደረደረውን ከፈተች። ሾፌሩ ከላይ ነው።

ስክሪኑን አዞረችላት። «ይኸው። መጀመሪያ አንቺ ነበርሽ።»

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ ብላ ስሟን አነበበች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። «ታዲያ ማን አወረደኝ?»

ደርዳሪዋ ኃላፊው ነው ልትል ትችል ነበር፤ ደንቡ ነው ልትል ትችል ነበር። ሁለቱም ሐሰት አይሆንም። «እኔ ነኝ» አለች።

ሴትየዋ ከስክሪኑ ዞር ብላ አየቻት። አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። «እንግዲያው መልሺኝ» አለችና ደረጃውን ወረደች።

ኃላፊው በሩን እንዲዘጋ ያደረገችው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘረጋችለት። «እሷ ብቻ አይደለችም» አለች። «ስልኩ ወደ ታች የወረደበትን ቤት ሁሉ አየሁ። ብዙ ናቸው። አንዳንዱ ቤት ታላቁ አባት ነው፣ ምንም አይደለም። አንዳንዱ ግን እንግዳ ነው፣ አንዳንዱ ከሚስቱ የተለያየ ባል ነው፤ ለአንድ ሳምንት የመጣ።»

ኃላፊው ወረቀቱን አገላበጠ። ፊቱ ዐመድ መሰለ። «ይሄን ለማን ነገርሽ?»

«ለርስዎ።»

«እዚሁ ይቅር።» ወረቀቱን አጠፈው። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቁልፍ ተሰጥቷል፣ ተፈርሟል። አሁን አንዱን ላውጣ ብል ሁሉም ሰው በጎረቤቱ ላይ አቤት ይላል። ገና ላልደረሳቸው በሚታደለው ሁለተኛ ዙር ላይ ዓምድ ጨምሪ። ‹ቤቱን ማን ይዞት ነበር› ይባል። በሱ ደርድሪ።»

«እሷስ? በሁለተኛው ዙር ትግባ?»

«ቤተሰቡ ቤት ወስዷል እኮ። ያንቺው መዝገብ ላይ ‹ተሰጥቷል› ይላል። ለአንድ ቤተሰብ ሁለቴ አይሰጥም።»

«ላም አለኝ በሰማይ ሆነባት ማለት ነው።»

«በምሳሌ አታስጨንቂኝ» አለ ኃላፊው፤ ድምፁ ግን ቁጣ አልነበረበትም። ድካም ነበር።

በሚቀጥለው የዕረፍት ቀን ደርዳሪዋ ኮረብታውን ወጣች። ቤቶቹ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሲሚንቶው ገና ይሸታል። ሾፌሩን በረንዳ ላይ አገኘችው፤ የመኪና ዕቃ በቤንዚን ያጥባል። ከጎኑ የስፌት መኪናው ላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። ከየት እንደመጣች ስትነግረው እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወንበሩን ለቀቀላት።

«ቁጭ በይ ልጄ።»

«አልቀመጥም። ጋሼ፣ ቤቱ ለርስዎ የወጣው በስህተት ነው።»

«የማን ስህተት?»

«የኔ።»

ሾፌሩ ፈገግ አለ፤ ፌዝ አልነበረም። «ዕድሜዬን ሙሉ ጋቢና ውስጥ ነው የተኛሁት፤ ትራሴ መሪ ነበር። ሚስቴ ሰው ቤት ስትኖር፣ ልጅ ስትወልድ፣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ስሜን ጠርተው ቁልፍ ሰጡኝ። ሰርቄያለሁ? አታልያለሁ? ዕድሜህን ሲሉኝ ዋሽቻለሁ?»

«አልዋሹም።»

«እንግዲያው ስህተትሽን ራስሽ ተሸከሚው። እኔ ላይ አትጫኚው፤ ብዙ ጭኛለሁ።»

«ቤቱ የሷ ነበር። ያውቃሉ።»

ሾፌሩ የመኪናውን ዕቃ መልሶ ቤንዚኑ ውስጥ ነከረ። ከውስጥ የሚስቱ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል። በሩ ሥር የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ ቆማ ታዳምጣለች፤ እናቷን የመሰለች ቀጭን ልጅ። ሾፌሩ ዞር ብሎ ሲያያት ዓይኑን ሰበረ።

«ልጆቹን አላስወጣኋቸውም» አለ በመጨረሻ። «የወንድሜ ደም ናቸው። እሷም ብትሆን በቃል ነው የተጣላነው፤ ትምጣና ከኋላ ክፍል ትኑር። ግን የቤቱ ስም ስም ነው። እሱን አልመልስም። ሰው ነኝ፤ አልችልም።»

ደርዳሪዋ ኮረብታውን ቁልቁል ወረደች። ሰውዬውን ጠልታው ብትመለስ በቀለላት።

ቤቷ ገብታ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻቸው። ወንድሟ ካገባ ወዲህ ባዶ የቀረ ክፍል ነበር፤ አሮጌ ፍራሽና የእናቷ ጆንያ ብቻ ያለበት። «ልጆቿን ይዛ ትምጣ» አለች።

እናቷ «ክፍሉን ልጥረገው» ብለው ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። «ግን ልጄ፣ ለሷ ብለሽ ነው ወይስ እንቅልፍ እንዲወስድሽ?»

ደርዳሪዋ ልብስ ሰፊዋን ያገኘቻት በአንዲት የሰፊዋ ጓደኛ ሱቅ ውስጥ ነው፤ ቀን የሌሎችን ጨርቅ እየቆረጠች፣ ማታ ወለሉ ላይ እያደረች። ስለ ክፍሉ ነገረቻት። ቅድመ ዝግጅቷ ሁሉ፣ መንገድ ላይ የደረደረችው ቃል ሁሉ ከአፏ ሲወጣ ቀለለባት።

ልብስ ሰፊዋ መቀሱን አላስቀመጠችም። «ምጽዋት ጠየቅኩሽ?»

«አይደለም፣ እስኪስተካከል ብዬ ነው።»

«ቤቴን ነው የጠየቅኩሽ። ያንቺን አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው ደርዳሪዋ አቤቱታውን ራሷ የጻፈችው። ኃላፊው «እዚሁ ይቅር» ያለውን አላስቀረችውም። ሁለቱን ቅደም ተከተል፣ ያልተደረደረውንና የተደረደረውን፣ አትማ አቤቱታ ሰሚዎቹ ዘንድ አስገባች። ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ጠሯት። ልብስ ሰፊዋም አንድ ጥግ ወንበር ላይ ነበረች፤ የተቀደደ ጫማዋን ከወንበሩ ሥር ደብቃ።

ደርዳሪዋ አስረዳች። በሰንጠረዥ ውስጥ ስላለው ሰንጠረዥ፣ ስለ ስልክ ቁጥሩ፣ መዝጋቢው ስለጨመራት ቃል። መካከል ላይ የተቀመጡት ሰውዬ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ቆይ፣ ልረዳሽ። ሥራሽ መደርደር ነው አይደል?»

«አዎ።»

«አሁን ግን ያልተደረደረው ነው ትክክሉ እያልሽን ነው።»

«ለዚህ ጉዳይ፣ አዎ።»

«ታዲያ ለምን ደረደርሽው?»

ሌሎቹ ሁለቱ ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ የቀኑ ሃያኛ ጉዳይ ይሁን ሠላሳኛ፣ ትንሽ መሳቅ ፈልገው ነበር። ደርዳሪዋ አፏን ከፈተች። ስለ አራት ዓመቷ ሕፃን ልትናገር ነበር፤ ስለ ዝናቡም፣ ስለ ታመሙት ልጆችም። ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ሴት ስታይ ግን ወረቀቶቿን ሰበሰበች።

«በወቅቱ በነበረው ደንብ የተሰጠ ስለሆነ ይጸናል» አሉ ሰውዬው መነጽራቸውን መልሰው። «አቤቱታው ለቀጣዩ ዙር ትምህርት ይሆን ዘንድ ተመዝግቧል።»

ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ ደርዳሪዋ ተከተለቻት። ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባት። «አዝናለሁ» አለቻት።

«አውቃለሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ለኔ ግን ምን ይሠራልኛል?» ጥላቻ ብታሰማ ይሻል ነበር። ጥያቄ ነበር፤ መልስ የምትጠብቅ ትመስል ነበር። ሴትየዋ ትንሽ ቆማ ጠበቀቻትና ሄደች።

ሁለተኛው ዙር ያለ እንከን አለፈ። አዲሱ ዓምድ ተጨመረ፤ ፈንክሽኑ እያንዳንዱን ትንሽ ሰንጠረዥ እየገለጠ መጀመሪያ ቤቱን ይዞ የነበረውን ሰው ወደ ላይ አወጣ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በዕድሜ አሰለፈ። ቁልፍ በታደለ ቀን አንዲት ባሏ ጥሏት የሄደ ሴት ፎቅ ድረስ ወጥታ፣ ጠይቃ ጠይቃ፣ ደርዳሪዋን ከፎቶ ኮፒው ጀርባ አግኝታ ጉንጯን ሳመቻት። «ስሜን ሲጠሩ ጆሮዬን አላመንኩም!» አለች። ኃላፊው ከላይ የምስጋና ደብዳቤ መጣለት። ስለ አቤቱታው ሳይቀየማት ቀረ፤ ደብዳቤውን ሲያሳያትም «ያንቺ ነው» አላት። እሷ አንብባ መለሰችለት። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ሥራውን አልተወችም። እናቷ «ተይው ካመመሽ» ቢሏትም ሄዳ የምትሠራው ሌላ ነገር አልታያትም። ግን ከዚያ ወዲህ መዝገብ ሲመጣላት አትቸኩልም። አንዱን ትንሽ ሰንጠረዥ ገልጣ ስሞቹን ስታይ ትቆያለች። ባልደረቦቿ «ደርዳሪዋ ፈዘዘች» ይላሉ። ጥበቃው እንኳ መቀለድ ትቷል።

ብርዱ በጠናበት ወር፣ አንድ ከሰዓት፣ የረዘመባትን ቀሚስ ይዛ ገበያው ጀርባ ወዳለው የሰፊዎች መደዳ ሄደች። ልብስ ሰፊዋ እዚያ አንዲት ጠባብ ክፍል መከራየቷን ከዚያችው ባለ ሱቅ ጓደኛዋ ሰምታ ነበር። በሩ ላይ ቆማ ለመመለስ አሰበች። ልብስ ሰፊዋ ግን ቀና ብላ አየቻት።

«ምን ነበር?» አለቻት፤ እንደማንኛውም ደንበኛ።

«ቀሚስ። ይረዝማል።»

«ልበሺው።»

ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ወጣች። ልብስ ሰፊዋ አፏ ላይ መርፌዎች ይዛ እግሯ ሥር ተንበረከከች። ወለሉ ላይ ትንሹ ልጅ የጨርቅ ቁራጭ ይዞ ተኝቷል፤ ያስለዋል።

«ትልቋስ?» አለች ደርዳሪዋ።

«እዚያው ናት። አጎቷ ጋ። ትምህርት ቤቱ ለዚያ ነው የሚቀርበው።» መርፌ ሰካች። «ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። ስትመጣ እንደ እንግዳ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች።»

ልጁ አሳለ። ከውጭ የሰው ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማል።

«ቀጥ ብለሽ ቁሚ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ቆሜያለሁ።»

«አልቆምሽም፤ እየተንቀጠቀጥሽ ነው። ይጣመምብኛል።»

«ብርዱ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ ሽቅብ አየቻትና ጫፉን አጠፈች። ሌላ መርፌ ከአፏ አወጣች፣ ሰካች፣ ትንሽ ወደ ጎን ተንፏቀቀች፣ ሌላ ሰካች። እንዲህ እያለች ዙሪያውን ጨረሰች።

«ሐሙስ ነይ» አለች ተነስታ። «ያኔ ይደርሳል።»